በቀዝቃዛው የተጎበጠ ጸናጽል

የካቲት 5
ዛሬም ናስ ሳጎብጥ ዋልኩ። ሚያዝያ 23 ለጊዮርጊስ ንግሥ መድረስ ያለበት የመሪጌታ እምሩ ትእዛዝ ነው። ካለቁት ጸናጽሎች ገሚሱን በሀኒፋ ጸጉር ቤት በኩል ባለው ግድግዳ ሰቀልኩ፣ ገሚሱን መስኮቱ ጋ። የጸጉር ቀለሙ ሽታ በላይኛው ቀዳዳ እየገባ አፍንጫ ይሰነጥቃል... ግን ዘንድሮ ፒያሳ ውስጥ ክፍል ማግኘት ቀላል ነው እንዴ?

አጎቴ ጋሼ ሉልሰገድ አንዱን ነቅነቅ አድርጎ አዳመጠና ዝም አለ። ጥሩ ሲሆን ምንም አይልም። እሱና ነፍሱን ይማረውና አባቴ ናሱን በከሰል አግለው ነበር የሚያጎብጡት። እኔ በቀዝቃዛው። ይጠነክራል፣ ድምፁም ጥርት ይላል። የራሴ ፈጠራ ነው፤ እኮራበታለሁ!

መጋቢት 2
ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ልክ ጉብጠቱ ላይ።

"አላልኩሽም? ያለ እሳት አይሆንም። ሲነቀነቅ ይሰነጠቃል።"

"ማን ነቀነቀው ጋሼ? ሁዳዴ እኮ ነው!"

በጾሙ ጸናጽል አይነካም። ሚስማር ላይ እንደተሰቀሉ ነው የተሰነጠቁት። ጋሼ ግን ቆርጧል፤ እስከ ፋሲካ መላ ካላገኘሁ ሁሉም በእሳት እንደገና ይሠራል። ድምፁም ይደነዝዛል። እኔስ? ዕድሜ ልኬን የአባቴን እጅ ስቀዳ ልኑር? በጭራሽ።

መጋቢት 6
ሊያ ጋ ሄድኩ። አብሮ አደጌ ናት፣ አምስት ኪሎ ስለ ብረታ ብረት ታስተምራለች። ከተሰነጠቀው ቆረጠች፣ እንደ መስታወት እስኪሆን ወለወለች፣ አሲድ ነካ አደረገችበትና ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጠችው።

ኮብልስቶን! ቁርጥ ኮብልስቶን። መዳቡና ዚንኩ አንድ ላይ የረጉባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ጎን ለጎን ተደርድረው። ስንጥቁ አንዱንም አይቆርጥም፤ በመሀላቸው እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ስንት ዓመት ናስ ስቀጠቅጥ ኖሬ ይኼን አላየሁም።

"በቀዝቃዛው ስታጎብጪው ውስጡ ተወጥሮ ቀርቷል" አለችኝ። "ግን ውጥረት ብቻውን እንዲህ አያደርገውም። አሞኒያ አለ እንዴ አጠገቡ?"

"የምን አሞኒያ?"

"ሽንት ቤት... የጸጉር ቀለም..."

ሳቄ አመለጠኝ። የተሰነጠቁት ሁለቱም በሀኒፋ በኩል የነበሩት ናቸው! መስኮቱ ጋ ያሉት ደህና።

ግን ግድግዳ መቀየር ምን ዋጋ አለው? ነገ ማን የት እንደሚሰቅለው በምን አውቃለሁ? ውጥረቱ ራሱ ነው መውጣት ያለበት። ሊያ እንደምትለው ሳይግል ለዘብ ባለ ሙቀት ቢቆይ ይበቃዋል፤ ቅንጣቶቹ እንዳሉ ይቆያሉ፣ ጥንካሬውም አይሄድም። የዳቦ ምድጃ ያህል ሙቀት፣ አለች።

የዳቦ ምድጃ... ዳቦ ጋጋሪው ፋሩቅ!

መጋቢት 8
ፋሩቅ ዳቦው ከወጣ በኋላ ምድጃውን ለቀቀልኝ። "ምነው የሺ፣ ከዳቦው ጋር አብሬ ልሽጠው?" እያለ ሲስቅብኝ ነበር። ገሚሱን ጋገርኩ፣ ገሚሱን ተውኩ። ሁሉንም ወስጄ ሀኒፋ ግድግዳ ላይ! ጋሼ እንደ እብድ አየኝ።

ሀኒፋ መጀመሪያ ተቆጣች። "ቀለሜ ናስ ይሰነጥቃል ብለሽ ደንበኛ ልታሸሺብኝ ነው?" ቆየት ብላ ግን ጉጉቱ አሸነፋት። "ፋሲካ እየደረሰ ነው፤ የፒያሳ ሴት በሙሉ ልትቀባ ነው። አይዞሽ፣ ሽታ አይጎድልብሽም።"

መጋቢት 20
ምንም የለም። የተጋገረውም ያልተጋገረውም ደህና። ተሳስቼ ይሆን?

ሚያዝያ 1
ተሰነጠቀ! ተሰነጠቀ!

ያልተጋገረው። አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። የተጋገሩትን ሊያ መጥታ በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ አየቻቸው። ንጹህ! ስንጥቅ አይቶ እልል የሚል ሰው ታይቶ ያውቃል? እኔ ብያለሁ። ሀኒፋ ከነደንበኞቿ ወጥታ አየችኝ፣ አንዷ ጭንቅላቷ ላይ ቀለም እንደተለቀለቀ።

ጋሼ የተጋገረውን አንስቶ በጥፍሩ መታ አደረገው። አዳመጠ። ዝም አለ።

ሚያዝያ 23
ከጊዮርጊስ ተመለስኩ። የተሰነጠቁትን ተክቼ፣ ሁሉንም ጋግሬ ነበር ያስረከብኩት። ወረቡ ሲጀመር ጸናጽሎቼ ሁሉ አንድ ላይ ከፍ፣ አንድ ላይ ዝቅ... ድምፁ ከከበሮው በላይ ጥርት ብሎ ሲወጣ አለቀስኩ። ለምን እዋሻለሁ? በደስታ አለቀስኩ።

ሲወጡ መሪጌታ እምሩ ጋሼን ያዙት።

"ሉልሰገድ፣ የወንድምህ እጅ አልሞተም ማለት ነው!"

ልናገር ስል ጋሼ ቀደመኝ፤ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማው።

"የለም መሪጌታ፣ የወንድሜ አይደለም። የሷ ነው። በቀዝቃዛው ነው ያጎበጠችው።"

ቤት ስንደርስ ማጎበጫውን ከሰል ከነጆንያው ተሸክሞ ለሀኒፋ ወሰደላት። ውሃ አሙቂበት፣ አላት። እኛ አንፈልገውም።