ታቦት የሌለበት ተራራ

ሐምሌ 28
የምኖርባት ሜራን ከተማ፣ ሙቀት። ቲማቲም ገዝቼ ተመለስኩ። ፊደል አልቆጠርኩም። ለስልኬ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ለራሴ ነው።

ልጄ ጽዮን ከዙሪክ ደወለች።
"አባዬ፣ ሉቃስ ተራራ እንውጣ ይልሃል።"
ሉቃስ ባሏ ነው። ጴንጤ። ከተጋቡ ጀምሮ ቤታቸውን ረግጬ አላውቅም። የሱን እንጀራ አልቀምስም ብያለሁ፣ ብያለሁ። ልጄን የማያት ባንሆፍ ነው፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ።
"ምን ታቦት አለበት?"
"ታቦት የለም። ሬስቶራንት ነው ያለው።"
"ታዲያ ለምን ይወጣል?"
"ለመዝናናት። ከከበደህ ባቡርም አለ።"
ሰው ደክሞ ይዝናናል? ደግሞ ባቡር... ለኔ? እመጣለሁ አልኳት።

ነሐሴ 5
ፍልሰታ ነው። ተራራ በባዶ ሆድ ነው የሚወጣው። ገዳም ስወጣ እንዲያ ነበር። ውሃም አልይዝም።

ነሐሴ 6
ዩትሊበርግ፣ የዙሪክ ተራራ። እኔና ሉቃስ ብቻ። ዳገት፣ ጫካ። ፈረንጅ አሮጊቶች በዱላ እየተመረኮዙ አለፉኝ... አሮጊቶች! ፈጠንኩ። እልህ። ግማሽ ላይ ዓይኔ ጨለመ። ሉቃስ ደግፎ ግንድ ላይ አስቀመጠኝ።
"አባባ፣ ውሃ።"
"ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ? ወግድ!"
ጠርሙሱን መልሶ ከተተ። ውሃው አልተነካም። ከንፈሩ ደርቋል።
"አንተስ አትጠጣም?"
"እርስዎ ሳይጠጡ?"
"ያንተ ጾም አይደለም እኮ።"
"አይደለም። አብረን ነዋ የወጣነው።"
በባቡር እንጨርሰው አላለኝም፣ ይሄን ወደድኩለት። ክንዱን ይዤ፣ ቀስ እያልን ወጣን።

ጫፉ ላይ ሰው ቢራውን ይጠጣል። ሐይቁ ከታች። ቁጭ ብለን ዘጠኝ ሰዓትን ጠበቅን።
"ጽዮን ባንሆፍ ሸኝታዎት ስትመለስ ሁልጊዜ ታለቅሳለች" አለኝ።
አላውቅም ነበር... ማን ይነግረኛል?

ሰዓቱ ሲደርስ ዳቦ አወጣ። "ጽዮን ናት የጋገረችው፣ ቅቤ የለውም። ይባርኩልን።"
እኔ? ለጴንጤ?
አባታችን ሆይ አልኩ። እሱም አብሮኝ አለ። ቆረስኩና መጀመሪያ ለሱ ሰጠሁት።

ነሐሴ 17
ሽሊረን ነኝ፣ ዙሪክ አጠገብ፣ ልጄ ቤት። በሩን ስትከፍት "አባ..." ብላ ተጠመጠመችብኝ። ሉቃስ ጫማዬን ከራሱ ጫማ ጎን አኖረው። የተራራው ጭቃ አለበት።
"ላጽዳልዎት?"
ተወው አልኩት። ይልቅ፣ ራት ደርሷል ወይ?