አባባ ደረጃውን ሲወጣ

ለውድ እትዬ፣

ከነቁጣሽ ጤናው ይብዛልሽ። እኔ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሚቆነጥጠኝ ጠፍቶ ወፍሬያለሁ።

ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ይህን ዜና የምገልጽልሽ በጥልቅ ሐዘን ነው፦ አባባ ነፍሰ ገዳይ ሆኗል።

ለትምህርት ቤት ልብ አንጠልጣይ ፊልም እየሠራን ነው። መክፈቻው ላይ ገዳዩ ከምድር ቤት ተነስቶ አራተኛ ፎቅ እስካለው ቤታችን በር ይወጣል፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። እኔ በወረቀት ያቀድኩት አንድ ደቂቃ ነበር። የመረጥነው ጫማ የአባባ ስለሆነ "ያለ እግሬ አይሄድም" ብሎ ራሱ ገባበት።

እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ፈጀ! ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ።

"አባባ፣ ቁም አላልኩህም እኮ!"

"ዝም ብለህ ቅረጽ! ገዳይ አይቸኩልም።"

ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ።

ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ አሳየነው። በዚያ ሁሉ ጯሂ መሃል የሚሰማው የአባባ ትንፋሽ ብቻ ነበር። የቀረጽኩት እኔ ራሴ ጸጉሬ ቆመ። ያ በየቀኑ አብሮን የሚበላ ሰውዬ እንዲህ ግድግዳ ሙሉ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። መምህሩ "ይህን ትንፋሽ በምን ሠራችሁት?" ሲለኝ፣ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሼ ትንፋሹን ደግሜ አዳመጥኩ።

አሁን በአባባ ፋንታ ደረጃውን ወርጄ ዳቦ የምገዛው እኔ ነኝ። አባባ "ሰነፉ ልጄ ተለወጠ" እያለ ለጎረቤት ያወራል።

ከምትሠሪበት ሆስፒታል ፊልም የሚወድ ሐኪም ካለ ይዘሽው ነይ፤ መክፈቻውን አሳየዋለሁ። ከዚህ ሳምንት ባያልፍ ደስ ይለኛል።

ደግሞ እንዳትደነግጪ፣ ነገሩ ቀላል ነው። አባትሽ ደረጃ ወጣ፣ በቃ።

ሰላምታዬ ቀድሞኝ ይሳምሽ፣
አስቸጋሪው ወንድምሽ