ቀንበሩን የመረጠ ጠፋ

ሰኔ 14 ቀን፣ ንፋስ መውጫ

እኅቴን የሺን ዛሬ ቀበርናት። ልጇ ታደሰ ለማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት የተወዳደረውም ዛሬ ነበር። ቢመረጥ የታች ሰፈርን ምንጭ ሊያስከልል ነበር ሐሳቡ።

የምርጫ ምልክቱ ቀንበር ነው። መጀመሪያ ሲያሳየኝ፣ «አንተ በሬ የሌለህ፣ ከሚስትህ ጋር ልትጠመዱ ነው?» ብዬ ስቄበታለሁ። የሺ ግን፣ «ፊደል ባታውቁ ቀንበር ታውቃላችሁ፤ ልጄን እንዳትስቱት» እያለች ሰፈሩን ስታዳርስ ከረመች። ትናንት አረፈች።

ጠዋት ታደሰ ለቀስተኛውን፣ «እናንተ ሄዳችሁ ምረጡ፣ እኛ እንቀብራለን» ቢል ማን ሰምቶት!

«የሺን አፈር ሳናለብስ? ነውር አይደለም እንዴ!» አሉት። ታች ሰፈር በሙሉ አስከሬኑን ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን ወረደ። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነውና ስንመለስ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ምርጫው ተዘግቷል። የመረጠው ላይ ሰፈር ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ የራሳቸው ሰው አላቸው።

ማታ ተቆጥሮ መሸነፉን ነገሩት። አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ለካ ሰው አይወደኝም» አለኝ።

ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። «እስቲ እነዚህን ቁጠራቸው» አልሁት።

ላስቀው ብዬ ነበር። ቀድሜው አለቀስሁ።