በቅርጫ የተከፈለችው ልዕልት

ለአስቴር አባት፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ? ከተለያየን ዓመት ሊሆነን ነው። እኛ ቤት ተዝካር ስለማይወጣ ጊዜውን የሚያስቆጥረኝ ድግስ የለም፤ የሚያስቆጥረኝ ጓሮ ያለው እንሰት ነው። አንተ ስትሄድ እስከ ትከሻዬ የነበረው ዛሬ የማድ ቤቱን ጣራ አልፎታል። ሰው ሞቶ ተክል ዝም ብሎ ማደጉ መጀመሪያ ላይ አናድዶኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከፊታችን ያለው መንገድ በመጨረሻ ኮብልስቶን ተነጠፈበት፤ ስንት ክረምት ጫማህን በእጅህ ይዘህ የገባህበት ጭቃ ዛሬ የለም። የተሰበረው እግሬ ድኗል፤ ሲበርድ ብቻ ይወጋኛል። የስፌት መኪናዬን ከሱቅ አምጥቼ መስኮቱ ሥር፣ ከወንበርህ ፊት ለፊት አድርጌዋለሁ። ሥራው እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰዉ የተሰፋ ልብስ ከገበያ ይገዛል፤ የተማሪ ዩኒፎርም ባይኖር ኖሮ መኪናዬን ዝገት ይበላት ነበር። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም ብዬ አልዋሽህም፤ ድመቷ ትተኛበታለች፤ እኔም አላባርራትም። ባርኔጣህ በሩ አጠገብ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ልብስህን ሁሉ ለሰው ስሰጥ እሱን ምን እንደማደርገው አላወቅኩም።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ይሄ አይደለም። ጣውንቴ ተገኘች። ያቺ ሩሲያዊት ልዕልትህ። መጨረሻዋን ሳታውቅ መሄድህ ሲያንገበግበኝ ከርሞ ፈልጌ አገኘኋት፤ ከሥሩ ጀምሬ ልነግርህ ነው። የምታውቀውን ብደግምብህ አትሰልች፤ አንተስ ስንት ጊዜ ደጋግመህ ነግረኸኝ የለ?

አንተና ኤርሱሞ ዶዮገና አዲስ መምህራን ሆናችሁ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ስትኖሩ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር መጽሐፉን «ለሁለታችሁ» ብሎ ሰጣችሁ። አብዮት ከአገሯ ያሳደዳት የንጉሥ ዘመድ በስደት ሆና የራሷን ሕይወት የጻፈችበት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ያቀብል ነበር። እናንተ ግን የመስቀል በሬ በቅርጫ ሲከፈል እያያችሁ ያደጋችሁ ናችሁ፤ ለሁለት የተሰጠ ነገር እኩል ካልተካፈላችሁት አይዋጥላችሁም። መሀሉን ከፍታችሁ በምላጭ ሰነጠቃችሁት፤ ዕጣ ተጣጣላችሁ፤ ፊተኛው ላንተ፣ ኋለኛው ለእሱ ወጣ። ስትጨርሱ ልትለዋወጡ ነበር። ሳትጨርሱ ኤርሱሞ ወደ ጠረፍ ተዛወረና ግማሿን ልዕልት በሻንጣው ይዞ ሄደ። ትንሽ ተጻጻፋችሁ፤ ከዚያ አድራሻው ጠፋ። እዚያው አግብቶ ቀረ ተባለ።

እኔን ስታገባኝ እሷ ቀድማኝ ቤትህ ነበረች፤ ጣውንቴ ያልኳት ለዚህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስፌት ቤቴ በር ላይ ወንበር ስበህ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስክ ታነብልኝ ነበር። በረዶ ላይ የሚንሸራተተውን ጋሪ፣ ሞግዚቶቿን፣ ቁጡውን አባቷን እንደ ጎረቤት አወቅኳቸው። ጌጧን ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታ የደበቀችበት ላይ ስትደርስ መኪናዬን አቁሜ፣ ጠርዝ ላይ ክብደት ካለ ሴትየዋ ስትራመድ ያስታውቅባታል፣ ወገብ ላይ ነው መስፋት ብዬ ተቆጣሁ። አንተ እስኪያስልህ ሳቅክ። ከዚያ በኋላ እዚያ ገጽ በደረስክ ቁጥር ቀና ብለህ ታየኝ ነበር።

መጨረሻው ሁልጊዜ ያው ነበር። ልዕልቲቱ ባቡር ጣቢያ ቆማለች፤ አባቷ ከቤቴ አልወጣም ብሎ ሊሸኛት ብቻ መጥቷል። «አባቴ የጠጉር ቆቡን አወለቀና» ይላል፤ ምላጩ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። አወለቀና ምን አደረገ? እጅ ነሳት? አለቀሰበት? መሬት ላይ ወረወረው? በየጊዜው አዲስ ግምት ነበረህ። ሽፋኑ ከመጀመሪያም ስላልነበረ የመጽሐፉንም የሴትየዋንም ስም አታውቅም፤ ሌላ ቅጂ ለማስፈለግ አልሆነልህም። ኤርሱሞ ብቻ ነው የሚያውቀው ብለህ በፕላስቲክ ትጠቀልለው ነበር።

አሁን ያንን ላንሳ፤ ሳላነሳው ቀሪው አይገባህም። ወደ ሐዋሳ ሆስፒታል ሲወስዱህ የእኔ እግር ጄሶ ውስጥ ነበር፤ አብራህ የሄደችው አስቴር ናት። በየማታው ትደውልልኝ ነበር። በመጨረሻው ማታ «አባዬ ዛሬ ሾርባ ጠጣ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሊጠይቁኝ ለመጡት ጎረቤቶች ነገርኳቸው፤ እነሱም ጎሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። የሸሚዝህን ኮሌታ ገልብጬ እየሰፋሁ፣ እየዘመርኩ አመሸሁ። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ከኋላቸው መንደሩ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ከሞትክ አንድ ቀን ሊሞላህ ነበር። ያን ማታ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

መርዶ እንዲህ እንደሚነገር ጠፍቶኝ አይደለም፤ እኔም በስንቱ ቤት ማልጄ ገብቻለሁ። በራስ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። አንተ አስከሬን ሆነህ እኔ ስዘምር ማምሸቴ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። አልቅሰሽ ይውጣልሽ ይሉኛል፤ ቁጣው መንገዱን ዘግቶት እንባው አልመጣ አለ። አስቴርን ይቅር ማለት አቃተኝ። አልተጣላንም፤ ስትደውል አነሳለሁ፣ ደህና ነኝ እላለሁ፣ እዘጋለሁ። ለመስቀል መጥታ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ተመለሰች። አባት የሌላት ልጅ እናቷንም እያጣች እንደሆነ ይታየኝ ነበር፤ ልቤ ግን እሺ አላለኝም።

ቁም ሳጥንህን ባዶ ሳደርግ ነው ግማሿ ልዕልት እጄ የገባችው። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት እንግሊዝኛውን ባላነበውም በቃሌ አውቀዋለሁ። ቢያንስ ይህችን ልጨርስለት አልኩ። መጀመሪያ እዚሁ ሆሳዕና መጽሐፍ ሻጮቹን ጠየቅኩ፤ ስም የሌለው መጽሐፍ ማን ያውቃል? አንዱማ ስለ ሩሲያ ከሆነ ብሎ የትራክተር ጥገና መጽሐፍ ሊሸጥልኝ ነበር። ከዚያ ግማሿን ይዤ ዶዮገና ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ እናንተን የሚያውቅ አልቀረም፤ ቤት ያከራየቻችሁ ሴትዮ ግን በሕይወት አለች። መጽሐፍ በምላጭ የሚያርዱ መምህራን ብላ ነው የምታስታውሳችሁ። ኤርሱሞ ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ አገሩ ባደዋቾ እንደተመለሰ፣ ሾኔ ገበያ ያየው ሰው እንደነገራት አጫወተችኝ። ይታይህ፤ ይህን ያህል ቀርቦህ ነበር።

በአንጋጫ፣ በዱራሜ አድርጌ ሾኔ ወረድኩ። እንግሊዝኛ ያስተማረው ኤርሱሞ ብዬ ብጠይቅ ባጃጁ ደጁ ድረስ አደረሰኝ። አርጅቷል፤ መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፍሯል። የማን ሚስት እንደሆንኩ ስነግረው ተነስቶ ሁለት እጄን ያዘና «ወንድሜ እንዴት ነው? ለምን አልመጣም?» አለኝ።

የአስቴር አባት፣ ለዚያ ጥያቄ ሳልዘጋጅ ነበር የሄድኩት። እንደሞትክ አልሰማም ይሆናል ብዬ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ያ ሽማግሌ እጄን ይዞ ፊቴን ያየኛል፤ መሽቷል፤ እራት እንኳ አልበላም። «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» አልኩት። አፌ በራሱ ነው የተናገረው።

ሚስቱን ማድ ቤት ገብቼ በጆሮዋ ነገርኳት። እጇን ታጥባ ለጎረቤት ልትነግር በጓሮ ወጣች። ኤርሱሞ ሳሎን ውስጥ በደስታ ሰክሯል። የእሱን ግማሽ ከሣጥን አውጥቶ «በይ እንገጣጥመው!» ይላል። የእሱ የሚጀምረው «ራሴ ላይ ደፋልኝ» ብሎ ነው። ምን እንደደፋላት አያውቅም፤ ልዕልት ናትና ዘውድ መስሎት ነው ዕድሜውን ሙሉ የኖረው። ለስንት ተማሪ፣ አባቷ ባቡር ጣቢያ ላይ ዘውድ ደፋላት እያለ አውርቷል። የጠጉር ቆብ ነው ስለው መነጽሩን አውልቆ በሳቅ ፈረሰ። «ይሄንን ሳይሰማ እንዳያድር፣ ደውይለት» አለኝ። ኔትወርክ የለም አልኩት። ሲስቅ አየዋለሁ፣ አብሬውም እስቃለሁ፤ የማውቀው ነገር ደረቴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። የአስቴርን ስልክ ያኔ አሰብኩት። ሾርባ ጠጣ ያለችኝ ድምጿ እንዴት እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ለማስታወስ ሞከርኩ።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔም ከኋላቸው ገባሁ። ኤርሱሞ እንደ ልጅ አለቀሰልህ። እኔም ዓመቱን ሙሉ እምቢ ያለኝ እንባ እዚያ፣ በሰው ቤት መጣልኝ።

ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ፊተኛውን እኔ በቃሌ፣ ኋለኛውን እሱ ገጹን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ተጨዋወትነው። ጣውንቴ ምን ሆነች መሰለህ? ልብስ ሰፊ። ባዕድ ከተማ ገብታ ጌጡን ሸጣ ስትጨርስ መርፌ አነሳች። የመጀመሪያ ሥራዋ ላይ የግራውን እጅጌ በቀኝ ሰፍታ አሠሪዋ ፈታ ጣለችባት፤ እኔም ስጀምር ያንኑ አድርጌ የለ! ደስ ብሎኝ ጭኔን መታሁ። አገሯ አልተመለሰችም። የአባቷን ቆብ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ታደርገው ነበር፤ ሰፍቷት ዓይኗ ላይ ይወርዳል፤ የሠፈሩ ልጆች ይስቁባታል፤ እሷ ደንታም የላት።

አንድ ገጽ ኤርሱሞ ወደ መጨረሻ አቆይቶት ነበር። አንድ ቀን ልዕልቲቱ ሥራ ቤት ቁጭ ብላ የጨርቅ ጥቅል ስትፈታ፣ ጨርቁ የተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ የአባቷን ሞት አነበበች። ከሞተ ወራት አልፎታል። የጀመረችው ቀሚስ ለማታ ይፈለግ ስለነበር የቁልፍ ቀዳዳውን መስፋት ቀጠለች። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። «ከእኔ በፊት የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖርና እሱ ተሸክሞ ቢያመጣልኝ ኖሮ» ትላለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ኤርሱሞ መጽሐፉን ዘግቶ ጭኑ ላይ አደረገው።

ሾኔ መናኸሪያ ሆኜ ለአስቴር ደወልኩ። አባትሽ የሞተ ቀን እንዴት ዋልሽ አልኳት። ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳትም ነበር። ሁሉን ነገረችኝ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ስልኳን ይዛ፣ ድምጿ እስኪስተካከል ስትጠብቅ እንደዋለች። ሾርባውም ውሸት እንዳልነበረ፤ ሞት ሳይመጣ ማለዳ ላይ በማንኪያ አጠጥታህ ነበር። የሰጠችኝ የመጨረሻ ደህና ነገርህን ነው። ስልኩ ላይ ተላቀስን፤ የሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

በሳምንቱ መጣች። ኤርሱሞ የእሱን ግማሽ አስይዞኝ ስለነበር ሁለቱን በፍራሽ መርፌና በሰም ባሸሁት ክር ሰፋኋቸው። ያንተ ገጾች በቤታችን ጭስ ጠይመዋል፣ የእሱ በጠረፍ አቧራ ቀልተዋል፤ ጠርዙም ልክ አልገጠመም፤ ግን ይይዛል። መጽሐፉ ከኤርሱሞ ጋር ይሰነብታል፣ ለመስቀል ወደኛ ይመጣል ብለን ተስማምተናል። አስቴር ከመሄዷ በፊት በወንበርህ ተቀምጣ የጣቢያውን ገጽ ሳታቋርጥ አነበበችልኝ። አባቴ የጠጉር ቆቡን አወለቀና ራሴ ላይ ደፋልኝ። በቃ፣ ይሄው ነው። ይበርዳታል ብሎ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ልሸኛት ስንወጣ ሆሳዕና በጉም ተሸፍናለች፤ ብርዱን ታውቀዋለህ። ከበሩ ተመልሼ ባርኔጣህን አወረድኩና ራሷ ላይ ደፋሁላት። እስከ ቅንድቧ ወረደ። መኪናው እስኪታጠፍ በመስኮቱ አየኋት፤ አላወለቀችውም።

ሚስማሩ ባዶውን ቀርቷል። አልነቅለውም፤ ሌላ ነገርም አልሰቅልበትም። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ስምህን እጠራለሁ፤ ወደ አንተ እስክመጣ ድረስ።

የአስቴር እናት