መምህር ወልደትንሣኤ ሃብተሚካኤል፦ ማረፍ የተከለከሉ አስተማሪ

መምህር ወልደትንሣኤ ከአባታቸው ከቀሺ ሃብተሚካኤል ዑቁባይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣምለሰት ተስፋጋብር በ1925 ዓ.ም. በደቀምሓረ አካባቢ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ወደ አስመራ መጡና ዘመናዊ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የአማርኛ አስተማሪ ሆኑ፤ በየሰንበቱ ደግሞ በደብራቸው ወጣቶችን ወንጌል አስተማሩ። ቀልድ ይወዱ ነበር። ተማሪዎች «ሀ»ንና «ሐ»ን ሲያምታቱ «በትግርኛ ጉሮሯችሁ ለይቶ የሚጠራውን እጃችሁ ምን ነካው?» ይሉ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሓረጉ ዘርአብሩክ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ተወልደን፣ ኣልማዝንና አስገዶምን አፈሩ።

እስከዚህ ያለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የቀረውን ቤተሰቡ ይናገራል፤ ዛሬ በቀብራቸው ካልተነገረ መቼም አይነገርምና።

በ1975 ዓ.ም. የበኵር ልጃቸው ተወልደ ከሰፈራችን ከማይ ተመናይ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በማኪና አደጋ ሞተ። ሣልስቱ ገና ሳይወጣ የደብሩ የወንጌል ጉባኤ ሰብሳቢ ኮሚቴውን አስከትለው መጡ። ሊያጽናኑ መስሎን ነበር።

«መምህር፣ ነገ ክብረ በዓል ነው። ሕዝቡ የሚጠብቀው እርስዎን ነው» አሉ።

ወይዘሮ ሓረጉ ከተቀመጡበት ተነሥተው «ኣይፋልን! አይሆንም! ልጃቸውን እንኳ አልቅሰው ይውጣላቸው!» ብለው ጮኹ። የሰማቸው አልነበረም። መምህርም ሄዱ። ስለ ትንሣኤ አስተማሩ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ቤት ሲገቡ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ «ሓረጉ፣ ዛሬ ካስተማርሁት አንዱንም አላመንሁትም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጸሎት እምቢ አላቸው። ይህንንም አልደበቁም። ኮሚቴው ፊት ቆመው «ደክሞኛል። አንድ ዓመት ከሕዝቡ ጋር ተቀምጬ ልስማ፤ እኔም ነፍስ አለኝ» ሲሉ ለመኑ።

ሰብሳቢው ሣቁ። «መምህርም ይደክማል እንዴ? ምእመኑ ይሰናከላል» አሏቸው።

እርሳቸውም ባዶ ማድጋ እያጋደሉ ሌላውን ሲያጠጡ ሦስት ዓመት ቆዩ። በ1978 ዓ.ም. አንድ እሑድ መድረክ ላይ ቃል ጠፋባቸው። መጽሐፉን ዘግተው «ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለው ወረዱ። በማግስቱ «የተሰወረ ኃጢአት ቢኖርበት ነው» ተባለ። ይህን ያሉት በእርሳቸው ሽምግልና ትዳራቸው የተረፈላቸው ሰዎች ናቸው! ከዚያ በኋላ ደጃቸውን የረገጠ የለም። ፌርማታ ላይ ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞሩባቸው ነበር። ያዞራችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

በመጨረሻዎቹ ወራት ወይዘሮ ሓረጉ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግሙ እርሳቸው «አሜን» ብቻ ይሉ ነበር። ለቤተሰቡ ያ አሜን እልል ከተባለለት ስብከት ሁሉ ይበልጣል።

መምህር ወልደትንሣኤ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ አስከሬናቸውን ለመሸከም የተሻማችሁ ሁሉ ስሙ። በእርሳቸው እግር የተተካው መምህር ዘርዓይ እዚሁ መካከላችሁ ቆሟል። ሚስቱ አራስ ናት፤ ዓይኑ ከእንቅልፍ እጦት ደም መስሏል። የፊታችን እሑድ ሌላ ሰው ያስተምር። እርሱ ቤቱ ይዋል።

እግዚአብሔር አምላክ እኛ የነፈግናቸውን ዕረፍት በአብርሃም እቅፍ ይስጣቸው፤ በዚያ «ተነሥና አስተምር» የሚላቸው አይኑር። አሜን።