ፎርሙን ፈርምላት

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 20
ኢንዲያና፣ ከስድስተኛው ሜዳ ዳር

ለምወድህ ልጄ ለዌንደል፣

እጆችህ እንዴት ናቸው? መሰንጠቃቸውን ተዉ ወይስ አሁንም በፕላስተር ጠቅልለህ ነው የምትሠራው? እዚያ ኖርዝ ዳኮታ፣ የነዳጅ ጉድጓዳችሁ አካባቢ፣ በረዶው ገና እንዳልለቀቀ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን ታጣፊ ወንበር አይወድም፤ ስለዚህ ትንሽ እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ጽሕፈቱ ቢንጋደድ በዚህ ነው። ልጅህ ዴላኒ ዛሬ ሁለት የእግር ኳስ ጨዋታ አላት። አንዱ አልቋል፣ ሁለተኛውን እየጠበቅን ነው።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። የዴላኒን ነገር ስጀምርልህ «እማ፣ መስመሩ ይቆራረጣል» ትላለህ። ስለ ጎረቤት ውሻ ሳወራህ ግን መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም። ደግሞ አብሮ የታጠፈ ፎርም አለ፤ አንብበህ ሳትጨርስ እንዳታስቀምጠው።

በፌብሩዋሪ ከትልቁ ኮሌጅ ለዴላኒ የመጣላትን ደብዳቤ ታስታውሳለህ። ሚስትህ ታሚ ፎቶ አንስታ የላከችልህን። «የዘንድሮ ጨዋታሽን በታላቅ ደስታ ተከታትለናል» የሚለውን። ታሚ ጩኸቷ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ፤ አንተም እዚያ ለሥራ ጓደኞችህ እያዞርክ አሳየህ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ ስለሆነ እንደናንተ አልሮጥም። ቃል በቃል ነው የምሄደው። እናንተ በመጀመሪያው መስመር ስትጨፍሩ እኔ በሦስተኛው ቀን ግርጌው ላይ ደረስኩ። ግርጌው የማርች የልምምድ ካምፕ መመዝገቢያ ነው፣ ከነክፍያው። ተናገርኩ፤ ማን ሰማኝ? ልጅቷ ሄደች፣ ከሁለት መቶ ልጆች ጋር ሁለት ቀን ሮጣ ቲሸርት ይዛ መጣች።

ያንኑ ደብዳቤ ጓደኛዋ ብሪንም አገኘችው፤ አንድ ቃል ሳይቀየር። ብሪን ደግሞ ከሴፕቴምበር ጀምሮ እግሯ በጄሶ ነበር።

«ምኗን ነው በደስታ የተከታተሉት፣ ምርኩዟን?» አልኳት ታሚን።

«እርስዎ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ሲመጣ ያምዎታል» አለችኝ።

ይሁን፣ ያመኛል። የበለጠ የሚያመኝ ግን ይሄኛው ነው። ከቤታችን የአርባ ደቂቃ መንገድ ያለው ኮሌጅ ዴላኒን በሒሳብ ውጤቷ ብቻ ያለ ክፍያ ሊያስተምራት ፈቅዷል። በኳስ አይደለም፣ በሒሳብ! መልስ የሚፈልገው እስከ ሜይ አንድ ነው። ልጅቷ አሥራ ስምንት ስላልሞላት ወላጅ መፈረም አለበት። ታሚ ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ ከታ «ትልቁ ኮሌጅ ሲጠራትስ ምን ልንል ነው?» እያለች ትጠብቃለች። ስልኳ ጮኸ ባለ ቁጥር ዘልላ ትነሳለች። ወር አለፈው።

ዛሬ ትዕግሥቴ አለቀ። እነዚያ ተጫዋች ሊመርጡ የሚመጡት የኮሌጅ አሰልጣኞች ሜዳው ማዕዘን ላይ፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ወላጅ ሊያናግራቸው አይፈቀድም፤ ክለቡ ይህን በየጨዋታው ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ወላጁ ሁሉ ንዴቱን በዳኛው ላይ ነው የሚወጣው። አጠገቤ ያለው የበረኛዋ አባት «ዳኛ! መነጽርህ መኪና ውስጥ ቀርቷል፣ ላምጣልህ?» ሲል ቆየ። ከእረፍት በፊት የዚያን የትልቁን ኮሌጅ ኮፍያ ያደረገ ጎልማሳ አየሁ። ተነሳሁ።

«እማማ ኦፓል፣ ወዴት ነው?» አለች ታሚ።

«ሽንት ቤት።»

ቀጥ ብዬ ሄድኩበት። «የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከወላጆች ጋር ማውራት አልችልም።»

«ወላጅ አይደለሁም፣ አያት ነኝ። ስለ አያት የተጻፈ ሕግ አለ?»

ሳቀ። «ያለ አይመስለኝም።»

«በግራ በኩል ያለችዋን፣ አሥራ አራት ቁጥርን እንዴት አየሃት?»

«ጎበዝ ናት። ሩጫዋ ያምራል። ስንተኛ ክፍል ናት?»

«አሥራ ሁለተኛ። በሚመጣው ወር ትጨርሳለች።»

እዚህ ላይ ሳቁ ጠፋ። «እማማ፣ ለዘንድሮ ተመራቂዎች ያለን ቦታ ከሞላ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ከዚያኛው ቡድን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ለማየት ነው።»

«የላካችሁላትስ ደብዳቤ?»

«የካምፑን ነው? እሱ ... ስሟ መዝገብ ላይ ላለ ሁሉ ይላካል።»

«በደስታ ተከታትለናል ይላል እኮ።»

«አዎ፣ ይላል» አለ ጫማውን እያየ። ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጆሮው ሲቀላ አይቼ ተውኩት።

ዞር ስል ታሚ ከኋላዬ ቆማለች። «ምን አሉት? ሰባት ዓመት የለፋንበትን በአምስት ደቂቃ አበላሹት!» ያለኝን ነገርኳት። «እንዲህ ነው የሚሉት። የሚፈልጓትን ልጅ አፍ አውጥተው አይናገሩም» አለችና ሄዳ መኪና ውስጥ ተቀመጠች። እስካሁን እዚያው ናት። ይህ ሳይደርስህ በፊት እሷ ደውላ እብድ መሆኔን ነግራሃለች። አልፈርድባትም። እሷም አንተን የላከችህ ለዚህ ብላ ነው፤ ውሸት ነበር ብላ እንዴት ትመን?

ጨዋታው ሲያልቅ ልጅቷ እግሬ ሥር ሳሩ ላይ ተዘርግታ ጫማዋን ፈታች። እሷንም አልሸሸግኳት።

«አውቅ ነበር፣ አያቴ» አለችኝ። «ካምፑ ላይ ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። አንቺ፣ ሰማያዊ የለበስሽው፣ ነበር የሚሉኝ።»

«ታዲያ ምን ዝም ያሰኝሻል? ያንን ፎርም አስፈርሚ አትያትም?»

«አባዬ እዚያ በረዶ ላይ ያለው የኔን የክለብ ክፍያ ለመክፈል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ። አሁን ተነስቼ፣ በከንቱ ነበር፣ ተሞኝተሃል ልበለው?»

ኳሱን ትወደዋለች፣ ዌንደል። የሒሳቡ ኮሌጅ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለደስታቸው የሚጫወቱ ሴቶች እንዳሉ ራሷ አጣርታ ደርሳበታለች። ማንም ሳይከፍል፣ ማንም ማዕዘን ላይ ተቀምጦ ሳይጽፍ። ይህን ስትነግረኝ የልጅነት ፊቷ ተመለሰ። የሚያስራት አንተ ብቻ ነህ።

አሁን ደግሞ ልነግርህ የማልፈልገውን ልጻፍ። አሥራ አምስት ዓመትህ ሳለ ከትምህርት ቤትህ ፖስታ መጣ። በዚያው ሳምንት ተደባድበህ ስለነበር ሊያባርሩህ ነው ብዬ ፈራሁ። ለሰው ወስጄ አንብብልኝ እንዳልል አፈርኩ። ከአልጋዬ ፍራሽ ሥር ከተትኩትና ዝም አልኩ። ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ያስተምርህ የነበረው ሰውዬ ነበር የጻፈው፤ ሙያውን እንድትማር ከተማ ድረስ ሊልክህ ፈልጎ። የእኔን ፊርማ ነበር የሚጠብቀው። ቀሪውን አልጽፈውም። ቀኑ አልፎበታል።

ፎርሙን ከታሚ መሳቢያ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ሌባ በሉኝ። ሰኞ ጠዋት በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ፣ ረቡዕ ይደርስሃል። የምትፈርምበትን ቦታ በእርሳስ ከብቤልሃለሁ። መመለሻ ፖስታውም ውስጡ አለ፤ አድራሻውን ራሴ ጽፌዋለሁ። በዚያው ቀን ላከው።

ከዚያ ለልጅቷ ደውልላት። ስንት ጎል አገባሽ ብለህ እንዳትጀምር። አልተሞኘሁም በላት። ተሞኝተህም ቢሆን እንደዚያው በላት።

እግዚአብሔር እጆችህን ያድንልህ፣ እዚያ ከሚጮኸው ብረት ሁሉ ይጋርድህ፣ ጤነኛ አድርጎ ደጄ ያድርስህ። ፊሽካ ተነፋ፤ ልነሳ።

እናትህ
ኦፓል