ያዘው!

ሚያዝያ 19
ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ። ከሰዓት ጎረቤታችን በያጁ ብቅ አለ። ልብስ ሊያሰፋ መስሎኝ ሜትሬን አነሳሁ... ለካ ወረቀት ይዟል። የመንደራችን የጋሪ ውድድር ደርሷል። ሞተር የለ፣ ምን የለ፣ እቤት የተሠራ ጋሪ ከትምህርት ቤቱ ቁልቁለት እስከ ድልድዩ። ዘንድሮ በጥንድ ነው አለ። አንዱ ፊት ሆኖ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ከኋላ ፍሬን።
«አንቺንና ባልሽን ጽፌያችኋለሁ።»
«ማን ፈቀደልህ?»
«እሱን ብጠይቀው ዝም አለ። ዝምታ መስማማት ነው።»
እሱማ ዝም ካለ ሁለት ዓመቱ።

ሚያዝያ 23
«መሪ አልይዝም» አለ ባሌ፣ ገና ማንም ሳይጠይቀው። ሃያ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው! አሁን ወፍጮ ቤት በር ላይ ጆንያ ይቀበላል።
የማን ጥፋት ነው? የዛሬ ሁለት ዓመት መሪ ላይ አንቀላፋ፣ ተገለበጥን፣ ትከሻዬ ተሰበረ። እሱን አንድም ነገር አልነካውም። ሆስፒታል ተኝቼ «ሁለተኛ አንተ የያዝከው መኪና ላይ አልወጣም» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ... በማግስቱ መንጃ ፈቃዱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አውጣው አላልኩትም። ፈርቼ ነበር። አሁንም እፈራለሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሚያዝያ 30
ጋሪው መልክ እየያዘ ነው። የአሮጌ አልጋ ብረት፣ አራት የብስክሌት ጎማ። በያጁ በየደው። ባሌ የጎማዎቹን ኩሽኔታ በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ አንዱን ጆሮዬ ሥር አሽከረከረው።
«ስሚው!»
ምኑን እንደምሰማ እንጃ። «ጥሩ ነው» አልኩት። ደስ አለው። ስንት ጊዜዬ ነው ደስ ሲለው ካየሁ?
መሪ የምይዘው እኔ መሆኔን ሲሰማ፣ በያጁ አፉ መቼ ያርፋል... «እንግዲህ በዚህ ቤት መሪው ማን እንደሆነ ዛሬ ታወቀ!» እኔ ሳቅኩ። ባሌ ብሎን ማጥበቁን ቀጠለ።

ግንቦት 3
ልምምድ። የሰው አጥር ጥሼ ገባሁ። እሱ ግን «ፍሬን!» ስለው ቀጥ ያደርገዋል፣ በዚህ አይታማም።

ግንቦት 8
ውድድሩ ዛሬ ነበር። ሳይረሳኝ ልጻፈው።
አነሳሳችን ጥሩ ነበር። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጠጠር አለ፣ ጎማው ተንሸራተተ፣ መሪው ከእጄ አመለጠ። ፊት ለፊቴ ቦይ! «ያዘው!» ብዬ ጮህኩ።
ፍሬኑን ማለቴ ነው። ሌላ ምን እላለሁ?
ሁለት እጆች በትከሻዬ ላይ አልፈው መሪውን ያዙት። ጠምዘዝ፣ ለቀቅ፣ መለስ... ቦዩን በስንዝር አለፍነው። ሁለተኛ ወጣን።
ዳኛው «መሪውን ሁለት ሰው ይዞታል» ብሎ ሰረዘን። በያጁ ካልተደባደብኩ አለ። ባሌ ግን አቧራው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ይስቃል።
ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመ።
«ያዘው አልሽኝ።»
«አዎ...»
«እኔ እኮ ዳግመኛ የምትዪኝ አይመስለኝም ነበር።»


ግንቦት 10
ጠዋት ባሌ የበያጁን ፒክአፕ ተውሶ በር ላይ አቆመ። ተላጭቷል። መንጃ ፈቃዱ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ።
«እህትሽ ጋ ላድርስሽ?»
ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ፍሬኑን ነው ያልኩህ ልለው... ፊቱን አየሁት። እውነቱን ብነግረው ማንን ልጠቅም ነው? ዝም ብል ደግሞ ዋሸሁ ማለት ነው?
ጋቢና ወጣሁ። ቀበቶዬን አሰርኩ። ቁልፉን ይዞ ሞተሩን ሳያስነሳ ይጠብቃል፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።
«ንዳ» አልኩት።
ይቺን ግን አውቄ ነው ያልኳት።